ሥዕሉ እንዳይዋሽ፦ የእትዬ ቀጥሎ ዜና ሕይወት

እህታችንን ለመሸኘት ሥራችሁን ትታችሁ በዚህ ፀሐይ የቆማችሁ ሁሉ፣ ድካማችሁን ፈጣሪ ይቁጠርላችሁ። ይህን ጽሑፍ የማነበው ታናሽ ወንድማቸው ነኝ። በእንዲህ ያለ ቦታ የሚነበብ ቃል ለስለስ ያለ፣ የሞተውን አመስግኖ የቆመውን የማያስቀይም ሊሆን እንደሚገባ አውቃለሁ፤ ረቂቁን ያዩ ዘመዶችም «እባክህ ዛሬ እንኳ ምላስህን ሰብስብ» ብለው መክረውኛል። ምክራቸውን ሰምቻለሁ፤ አልተቀበልሁትም። እህቴ በሕይወታቸው ሙሉ አጥብቀው የሚጠሉት ነገር ቢኖር እውነትን ሸፋፍኖ ማሳየት ነበርና፣ በሳጥናቸው ፊት ቆሜ ሸፋፍኜ ላነብላቸው አልችልም።

ሁላችንም እትዬ ቀጥሎ እያልን የምንጠራቸው እህታችን፣ ከታፔላ ጸሓፊው አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን፣ ከዛሬ ስድሳ አንድ ዓመት በፊት፣ ዝናብ በሚበረታበት ወር፣ ጣሪያዋ በምታፈስ ባለ ሁለት ክፍል ቤት የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። የፊተኛው ክፍል የአባታችን የሥራ ቦታ ስለነበረ ቀለም በነካካው ወለል ላይ ዳዴ ብለው፣ ከቆርቆሮና ከብሩሽ ጋር እየተጫወቱ አደጉ። አባታችን በዚያ ዘመን የሚሥሉት ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ ነበር፤ ለጸጉር ቆራጩ መቀስ፣ ለጫማ አዳሹ ጫማ፣ ለጥርስ ሐኪሙ ትልቅ ነጭ ጥርስ። አንድ ቀን ቸኩለው የጥርሱን ታፔላ በጸጉር ቤቱ በር ላይ ሰቀሉትና፣ ጉንጩ ያበጠ አንድ ምስኪን ገብቶ ወንበሩ ላይ አፉን ከፍቶ ቁጭ አለ፤ ጸጉር ቆራጩም መቀሱን እንደያዘ ደንግጦ ቀረ። ሰፈሩ ለብዙ ጊዜ ሳቀበት፤ አባታችን ግን አልሳቁም። «ሥዕል ከዋሸ ሰው ይጎዳል፤ ያ ሰው እኮ ታሞ ነው የመጣው» እያሉ ነጋ ጠባ ይነግሩን ነበር። ከልጆቻቸው መካከል ይህን ቃል የምር የያዙት እህታችን ናቸው።

«ጎበዝ ተማሪ ነበረች ብለህ ጻፍ» ብለው አክስታችን ጠይቀውኛል። እውነቱን ለመናገር መካከለኛ ነበሩ፤ ሒሳብ አይሆንላቸውም፣ በደብተራቸው ጠርዝ የመምህራኖቻቸውን ፊት እየሣሉ ሲያዙም ብዙ ጊዜ ተንበርክከዋል። ይሁንና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አጠናቅቀው መምህራን ማሠልጠኛ ገቡ፤ ሲመረቁም አንደኛ ክፍል ተመድበው ፊደልን ከሥዕል ጋር እያጣመሩ ማስተማር ጀመሩ። ያስተማሯቸው ልጆች ዛሬ ልጆች አሏቸው፤ አንዳንዶቹም እዚህ መካከላችን ቆመዋል።

በሃያዎቹ ዕድሜያቸው መገባደጃ ከአንድ የከባድ መኪና መካኒክ ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። ልጁ ሲጠሩት ዞር የማይል፣ ደስ ባለው ጊዜ ብቻ ብቅ የሚል ስለነበረ ቤተሰቡ «ጌታው» አለው፤ ስሙም ጸደቀለት። በኋላ ግን ጌታው አፉን አልፈታም፤ በጣቱ ጫፍ ይራመዳል፣ የወፍጮ ድምፅ ሲሰማ ጆሮውን ይዞ መሬት ይወድቃል። የሰው አፍ ሥራ አላጣም። ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነ፤ አንዷ እርግማን ነው አለች፣ ሌላዋ አቀማጥላ አበላሸችው አለች፤ እውነተኛው ሐኪም ደግሞ በመተላለፊያው ላይ እንደ ቆመ «ኦቲዝም ነው» ብሎ፣ ሰዓቱን አይቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚደረግ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

ባለቤታቸውም አንድ ቀን ሻንጣቸውን አንሥተው «ለሥራ ነው፤ እሑድ እመጣለሁ» ብለው ወጡ። ጌታው እሑድ ጫማውን አድርጎ በር ላይ ቆመ። ያ እሑድ አለፈ፣ ሌላውም አለፈ፤ ቃል አይገባውም የተባለው ልጅ ያችን ቃል ከሁላችን ይልቅ አጥብቆ ይዟት፣ ጫማውን ሊያወልቁለት ሲሞክሩ እየተናከሰ፣ እዚያው በር ላይ እንቅልፍ እየጣለው ከረመ። ሰውየው ዛሬ የአበባ ጉንጉን ልከዋል። አበባው ደርሷል፤ እርሳቸው አልደረሱም።

እህታችን ልጃቸውን ይዘው ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት ዞሩ። አንዱ ቦታ ሞልቷል አላቸው፤ ሌላው ሌሎቹን ይረብሻል አላቸው፤ በአንዱማ የተቀመጡት ሴት ልጁን በእስክሪብቶ ጫፍ እያመለከቱ «ለዚህ ደግሞ ትምህርት ምን ይሠራለታል?» ብለው ጠየቁ። ያን ጊዜ እህታችን ተቆጡ። ቁጣቸውም እስከ ዕለተ ሞታቸው አልበረደም፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልበረደም። በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ከተማሪዎች ሽንት ቤት በስተጀርባ፣ እግራቸው የተሰበረ ዴስኮች ተደራርበው የሚጣሉበት አንድ ክፍል ነበረ፤ ያን ክፍል ለምነው ሳይሆን ተጣልተው ተረከቡ። ዴስኮቹን በገዛ ትከሻቸው አውጥተው፣ ወለሉን አጥበው፣ ከጌታው ጋር በየቤቱ የተደበቁ ጥቂት ልጆችን ሰብስበው ማስተማር ጀመሩ።

በዚያ ክፍል ግድግዳ ላይ ምን እንደ ነበረ ያላያችሁ ስላላችሁ ልንገራችሁ። እያንዳንዱ ልጅ ጠዋት ሲገባ በዐይኑ ቁመት ልክ የራሱን መስመር ያገኛል። ከላይ ወደ ታች ቦርሳ መስቀያው፣ እጅ የሚታጠብበት ጆግ፣ እርሳሱ፣ ምሳ ዕቃው፣ ኳሱ፣ በመጨረሻም ሊወስደው የሚመጣው ሰው ፎቶግራፍ ተደርድረዋል። ካርዶቹን እህታችን በካርቶን ላይ ሥለው፣ ከአሮጌ ጫማና ቦርሳ ላይ በፈቱት፣ ጨርር ብሎ በሚላቀቀው ማጣበቂያ ጨርቅ ይለጥፏቸዋል። ልጁ አንዱን ሥራ ሲጨርስ ካርዱን በገዛ እጁ አላቅቆ ከታች ወዳለችው የጨርቅ ኪስ ይከታል። ኪሷን የሰፉት እናታችን ሲሆኑ ስሟም «አለቀ» ነበር። ከዚያ እህታችን ወደሚከተለው ሥዕል በጣታቸው እያመለከቱ «ቀጥሎ?» ይላሉ። በመምህራን ማረፊያ ክፍል እርሳቸውን ባዩ ቁጥር «እትዬ ቀጥሎ መጡ» እያሉ የሚሣለቁ መምህራን ነበሩ፤ ፌዙ እያደር ስም ሆነ፣ ስሙም እያደር ክብር ሆነ።

እኔና እናንተ ቀናችንን የምንይዘው በወሬ ነው። ለእነዚያ ልጆች ግን ቃል ከአፍ እንደ ወጣ የሚጠፋ ነገር ሲሆን፣ ሥዕሉ ዞር ብለው ቢመለሱም እዚያው ይጠብቃቸዋል። ደወል በተደወለ ቁጥር ክንዱን የሚነክስ ልጅ ነበር፤ ሌላው ሁሉ ክፉ ጠባይ ነው ሲል እህታችን «የት እንደሚወስዱት ያልተነገረው ሰው፣ እናንተም ብትሆኑ ትናከሳላችሁ» አሉ። ለልጁ ደወሉንና ከደወሉ በኋላ የሚመጣውን ኳስ ሣሉለት፤ ክንዱ ዳነ። ነገር ያልታሰበ ሲሆን የምትወጣ ቢጫ ካርድም ነበረቻቸው፤ ትርጉሟ «ዛሬ ይለያል» ነው፤ እኔም ዳኛው ቢጫ አወጡ እያልሁ እቀልድባቸው ነበር። በአንድ ነገር ግን ቀልድ አያውቁም። በመስመሩ መጨረሻ የእናት ፎቶግራፍ ተለጥፎ አጎት ቢመጣ፣ መጀመሪያ ካርዱ ተለውጦ ልጁ እስኪያየው ድረስ አጎት በር ላይ ይቆማል። «እመጣለሁ» ብሎ የቀረን አባት ደግሞ በነጋታው ከበር ላይ ይዘው ልክ ልኩን ይነግሩታል። ልጁ ላይ የዋሸ ሰው እርሳቸው ዘንድ ይቅርታ አልነበረውም።

አሁን ወደ ግድግዳው ልምጣ። ትምህርት ቤቱን የሚጎበኙ እንግዶች ይመጣሉ በተባለ ጊዜ ርእሰ መምህሩ ወደዚያ ክፍል ብቅ ብለው «ይህ ግድግዳ ተዝረክርኳል፤ ለዐይን አይመችም» አሉ። ለዐይን አይመችም ያሉት፣ ለዐይን ተብሎ የተሠራውን ብቸኛ ግድግዳ ነው። ቅዳሜ፣ እህታችን በሌሉበት፣ ካርዶቹ በመፋቂያ ተፍቀው፣ በማዳበሪያ ተጠቅጥቀው ከቆሻሻ ጋር ተቃጠሉ፤ ግድግዳውም ክሬም ቀለም ተቀባ። ሰኞ ልጆቹ ሲገቡ ቀናቸው የለም። ጌታው መስመሩን ፍለጋ መዳፉን ባልደረቀ ቀለም ላይ እያሻሸ ዞረ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ልጅ፣ ራሷን ከግድግዳ ማጋጨት ከተወች የቆየችው ልጅ፣ ግንባሯን በመስኮቱ ጠርዝ ፈነከተች። እንግዶቹ በደረሱም ጊዜ ጩኸቱ እንዳይሰማ የክፍሉ በር ከውጭ ተዘጋ። ከውጭ! ትምህርት ቤቱ በዚያ ዓመት አርአያ ተብሎ የምስክር ወረቀት ተቀበለ፤ ወረቀቱ እስከ ዛሬ በመስተዋት ገብቶ በርእሰ መምህሩ ቢሮ ተሰቅሏል፤ እርሱን ማንም ተዝረክርኳል አላለውም።

ርእሰ መምህሩ ዛሬ ከፊታችን ቆመዋል። መምጣታቸውን አልነቅፍም፤ ቀብር ለሁሉም ክፍት ነው። «ስለ ባልደረባዬ ጥቂት ልናገር» ብለው በጠየቁን ጊዜ ግን፣ በዛሬው ሰሌዳ ላይ የእርስዎ ሥዕል የለም ብለናቸዋል።

እህታችን በዚያ ሰሞን ሲያለቅሱ አላየሁም፤ ሲሥሉ ነው ያየሁት። ዘበኛው፣ የልጅቷ አባት፣ ከየሱቁ ካርቶን ለምኖ አመጣ፤ እናታችን ዐይናቸው እየደከመ አዲስ ኪሶች ሰፉ፤ ግድግዳው እንደገና ተናገረ። ልጅቷ ዛሬ ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች፤ ጠባሳዋ ግንባሯ ላይ አለ፤ ልታዩት ትችላላችሁ፣ አትደብቀውም። እህታችን ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በዚያው ክፍል አስተማሩ። በወጡ ማግስት ክፍሉ ተመልሶ የተሰበረ ዴስክ ማከማቻ ሆነ። አሁንም እንደዚያው ነው። የመጡት የአበባ ጉንጉኖች ላይ «ባለውለታችን» የሚል ጽሑፍ አንብቤአለሁ፤ ውለታ የሚከፈለው በአበባ ከሆነ እሰየው፣ ዴስኮቹ ላይ ጣል አድርጉት።

የጤናቸው ነገር እንዲህ ነው። በጡታቸው ላይ እብጠት ባገኙ ጊዜ ወደ ሆስፒታል ሄደው ነበር፤ ጌታው አብሯቸው ነበርና በሩ ላይ «እሱን ይዘሽ አትገቢም» ተባሉ። እርሱን ውጭ ጥለው አይገቡም፤ ተመለሱ። ሌላ ቀጠሮ ተሰጣቸው፣ በዚያም ቀን ያው ቃል ጠበቃቸው። እኔ ከምሠራበት ከተማ ሰምቼ ስመጣ፣ ሐኪሙ «ምነው ቆያችሁ?» አለን። እኛ አልቆየንም፤ በር ላይ ነው የቆምነው።

አልጋ ላይ በዋሉባቸው ወራት እህታችን አንድ ሥራ ብቻ ነበር የያዙት፤ ሞታቸውን ለልጃቸው መሣል። ሠላሳ ዓመት የሞላው ልጅ፣ አሁንም ቀኑን ካርዶቹ በሚለጠፉበት ሰሌዳ የሚይዝ፣ ከእርሳቸው በኋላ በር ላይ እንዳይቆም። አጠገባቸው ተቀምጬ ስንቱን ካርድ ቀድደው እንደ ጣሉ አይቻለሁ። «ተኛች» የሚለውን አይሆንም አሉ፤ እርሱም ይተኛልና አልጋውን ይፈራል። «ሄደች» የሚለውን ጨርሶ አልነኩትም። ሰማዩን ሣሉና ተዉት፤ በዘነበ ቁጥር አንጋጦ ይፈልጋቸዋል። ከዚያ «የለም» የምትለዋን፣ በላይዋ መስቀለኛ መስመር ያለባትን ካርድ አነሡ፤ እርሷን ውኃና መብራት ሲጠፋ ያውቃታል። ጥቂት አሰቡና «አይ፣ መብራት እኮ ይመጣል» ብለው አስቀመጧት። በመጨረሻ ያገኙት አመዶን ነው። አመዶ የቤታቸው ድመት ነበረ፤ በሞተ ጊዜ ከጌታው ጋር በግቢው ቀብረውት፣ አካፋውን የያዘው እርሱ ነበር። በነጋታው ካርዶቹ ሁሉ እንደ ወትሮው ከኪስ ሲወጡ ጌታው የአመዶን ካርድ ይዞ ወደ ጉብታው ሄደ፤ አየ፤ ተመልሶም ካርዱን ወደ «አለቀ» ከተተው፤ ከዚያ ወዲህ አላወጣውም። ስለዚህ እህታችን የአመዶን ጉብታ ሣሉ፤ ከጎኑም ተለቅ ያለ ጉብታ ሥለው የራሳቸውን ፎቶግራፍ ለጠፉበት። አክስታችን ይህን ሲያዩ «ራሷን ከድመት እኩል!» ብለው ደረታቸውን ደቁ። እህቴም ስቀው «አመዶ ልጄን ዋሽቶት አያውቅም» አሉ።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ በቤታቸው፣ እጃቸው በእጄ ውስጥ እንዳለ ዐረፉ። እኔ የሳጥኑንና የቦታውን ነገር ለማስፈጸም ስወጣ ቤቱ በሰው ተሞላ። አክስታችን ልባቸው ክፉ አይደለም፤ ጌታው ክፍል ለክፍል እየዞረ እናቱን ሲፈልግ አንጀታቸው አልችል ብሎ «ሆስፒታል ናት፣ ትመጣለች» አሉት። ቃሉን አልሰማ ሲላቸው ሌላ መላ መጣላቸው። የእናቱን ፎቶግራፍ ፈልገው አገኙና፣ በገዛ ሰሌዳው ላይ፣ «ቀጥሎ» በሚባለው ቦታ፣ ከበሩ ሥዕል ሥር ለጠፉለት። ጌታው ጫማውን አደረገ። በር ላይም ቆመ። ለልቅሶ የሚገባው ሰው ሁሉ በትከሻው በኩል እየተሽሎከለከ፣ ራሱን እየዳበሰ፣ «አይዞህ» እያለ ሲያልፍ እርሱ ዐይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ዋለ። ዕድሜውን ሙሉ አንድ ቀን ያልዋሸው ሰሌዳ፣ እናቱ በሞቱባት ቀን ዋሸው። ስመለስ ያገኘሁት እንዲህ ሆኖ ነው፤ በዚያች ሰዓት በዚያ ቤት የተናገርሁትን ቃል እዚህ አልደግመውም፣ የሰማችሁ ሰምታችኋል።

ፎቶግራፉን አላቀቅሁት። ከጌታው ጋር መሬት ላይ ተቀምጬ የአመዶንና የእናቱን ጉብታ ሰጠሁት። ለረጅም ጊዜ አየው። ተነሥቶ ወደ ግቢው ወጣ፣ አመዶ ከተቀበረበት ቆመ፣ ተመልሶ ገባና ጫማውን አወለቀ። ከዚያ ጮኸ። በዚያ ቀን በዚያ ቤት ከተለቀሰው ልቅሶ እንደ እርሱ ያለ አልሰማሁም። ዝም አስብሉት አሉ፤ አላስባልሁም።

ከዚያም ዘመድ ተሰብስቦ ዛሬ በር ተዘግቶበት ከጎረቤት ጋር እንዲውል፣ ከዛሬ በኋላም «እንዲህ ያሉት የሚቀመጡበት» ወደተባለ፣ ከከተማ ውጭ ወዳለ ቦታ እንዲወሰድ መከረ። ለቀብሩ ይረብሻል ተብሎ ነበር። ይኸው ከጎኔ ቆሟል፤ ሰሌዳውን ደረቱ ላይ ይዟል። ይህን ሳነብ ስልክ የጠራበት ሰው አለ፤ ተነጋግሮ የሣቀም አለ፤ ጌታው ግን ዐይኑን ከዚህ ወረቀት አልነቀለም። ምክንያቱን ልንገራችሁ። የዛሬውን ቀን እናቱ ሥለውለት ነው የሄዱት፤ የዘበኛው ልጅ በፕላስቲክ ለብጣዋለች። በመጀመሪያ ቢጫዋ ካርድ አለች፤ ዛሬ ይለያል። ከዚያ ብዙ ሰው። ከዚያ ወረቀት የሚያነብ መላጣ ሰው፤ እኔ ነኝ፤ መላጣዬን ግን ከሚገባው በላይ አስፍተውታል፣ ሥዕል አይዋሽም ለማለት አስቸግረውኛል። ከዚያ ሳጥን፣ ከዚያ አፈር። በመጨረሻ አረንጓዴ የብረት በር አለ። የእኔ ቤት በር ነው። ሊሥሉት ሲሉ እርሳሱን አቁመው «የማይሆን ከሆነ አልሥለውም» አሉኝ። ይሣሉት አልኋቸው። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ስለነበረ በሩ ጠመም ብሏል፤ ይሁን እንጂ የእኔ በር ነው፣ ማንም ያውቀዋል። እዚህ ያላችሁ ሁሉ አይታችኋል፣ ምስክር ናችሁ፤ ይህ በር የተዘጋ እንደሆነ ፊቴ ላይ ትፉብኝ።

እህታችን አንድ ወንድ ልጅ፣ አንድ ወንድም፣ አንዲት አክስት፣ የወንድም ልጆች፣ በዚያ ክፍል ቀን ምን እንደሆነ ያወቁ ብዙ ልጆችና ያልተመለሰ አንድ ክፍል ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በእረፍት ቦታ ያኑርልን፤ ወዴት እንደሚሄዱ ሳይነገራቸው የቀሩትን ሁሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ መንገድ ሲያሳዩ ኖረዋልና፣ የእርሳቸውንም መንገድ አጠገባቸው ቆሞ የሚያሳያቸው አያሳጣቸው። ለእኛም መጽናናትን ይስጠን፤ መጽናናት ለማይገባን ደግሞ እፍረት ይስጠን። አሜን።

ጌታው፣ አለቀ። ካርዷን አንሣት፤ ማንም አይነካህም። ቀጥሎ።